እባክዎ መብራታችንን እስከ ነገ አያስተካክሉብን

ለተከበሩ የመብራት መሥሪያ ቤት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ስልክ የምታነሳው ትሁት ጸሐፊዎስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና አይደለሁም። በልጆችዎ አምላክ ይዤዎታለሁ፣ ዛሬስ ይመኑኝ። እኔ ነኝ፣ የመጨረሻው ፖል ሥር ያለው ቤት ሙሽራ፣ «መብራቱ ደክሟል» እያልኩ አሥራ አንድ ጊዜ የደወልኩት። ጸሐፊዎም አሥራ አንድ ጊዜ «የኔ ቆንጆ፣ በእኛ መዝገብ ሙሉ ነው» ብላኛለች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የምለው ሌላ ነው፦ እንደ ደከመ ይቆይልኝ!

አንደኛ፣ ስለ መብራትዎ አመሰግናለሁ። አምፖሉ መብራት አለመብራቱን ለማየት ክብሪት ብንጭርም ዓይን አይወጋም። አክስቴ ከውጭ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ላከችልኝ፣ በመቶ አሥር ቮልት የሚሠራ። የሰፈራችን ራዲዮ ጠጋኝ አየውና «እህቴ፣ የእኛ ሁለት መቶ ሃያ ነው፣ ስትሰኪው ቦግ ብሎ ይቀራል» አለኝ። ከዚያ መለኪያውን ሶኬታችን ውስጥ ቢከተው መቶ አሥር! ሳቁ አላቆም ብሎት መሬት ተቀመጠ። «በይ ስኪው፣ መሥሪያ ቤቱ ላንቺ አስቦ ነው» አለኝ።

ሁለተኛ፣ እንቁላሎቹ የአማቴ ናቸው። ስድሳ። «የልጅ ልጅ እስክታሳዪኝ ጫጩት እንኳ አሳዪኝ» ብለው አንድ በአንድ በእርሳስ ምልክት አድርገው ነው የሰጡኝ። ነገ ጠዋት ሃያ አንድ ቀን ይሞላቸዋል። ዛሬ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። አንዱ ከውስጥ ሆኖ ሲጮህ አማቴ ጆሯቸውን ለጥፈው ሰሙና እልል አሉ፣ ለሠርጌ እንኳ እንዲያ አላሉም!

ሦስተኛ፣ ልቤ ቀጥ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ማስታወቂያችሁን ፖሉ ላይ አየሁት። «ከዛሬ ምሽት ጀምሮ ሙሉ ኃይል እንለቃለን።» ሰፈሩ ስድስት ዓመት የለመነው፣ መልሱ ዛሬ! ሁሉ ሲጨፍር እኔ ብቻ ራሴን ይዣለሁ። ሙሉው ከመጣ ማሽኑ ይቃጠላል፣ ብነቅለው እንቁላሎቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ኃይል የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ደግሞ ጠጋኙ እንዳለኝ የሚደርሰው በሳምንቱ ነው። ጎረቤቶቼ የቢሮዎ በር ላይ የለጠፍኩትን ይህን ደብዳቤ ሲያነቡት በድንጋይ ቢሉኝም አልፈርድባቸውም።

አንድ ሌሊት ብቻ ድከሙልኝ። ስድስት ዓመት ማንም ሳይለምናችሁ የቻላችሁትን፣ አንድ ሌሊት ተለምናችሁ እንዴት ያቅታችኋል?

በስድሳ እንቁላልና በአንዲት አማት ስም እግርዎ ላይ የወደቀች፣ ድካማችሁን ከልቧ የምታከብር ደንበኛዎ፣
የመጨረሻው ፖል ሥር ያለው ቤት ሙሽራ

ማሳሰቢያ፦ ቃላችሁ እንደ ወትሮው ቢሆን ኖሮ ለጥ ብዬ እተኛ ነበር። ግን ሠራተኞቻችሁ መሰላል ይዘው ፖሉ ላይ ሲወጡ በዓይኔ በብረቱ አየሁ፣ አይቼው የማላውቀው ነገር ስለሆነ ደነገጥኩ። ቁጥሬን ጸሐፊዎ መዝገቡ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፋዋለች። ስልኬ በእናንተው መብራት ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ቻርጅ ተደርጎ ዘጠኝ ፐርሰንት ገብቷል፣ ለአንድ «እሺ» ይበቃል። ሳይመሽ ይደውሉልኝ።