አበልጄና የዕቁቡ ወተት

ሰኞ

ሰውዬው ዛሬም ዋጋ ቀነሰብን። ከሱሉልታ ወተት እየሰበሰበ አዲስ አበባ የሚወስደው ነጋዴ። «ሁዳዴ ነው፣ ማን ይጠጣል?» ይላል። እንዴ! ላሟ ትጾማለች? ፉርሽካው እንደሆነ ጭራሽ ተወዷል። ከተማ የምትሠራው እህቴ ሱቅ ውስጥ ሳንቲም አልቀነሰም አለችኝ። ታዲያ የእኛን ማን በላው?

ሲመሻሽ የመንደሩ ሴቶች እኔ ቤት ተሰበሰብን። እስከ ፋሲካ አንሸጥለትም፤ ወተት ሲያጣ ራሱ ይለምነናል። ግን ወተት አይቀመጥ ነገር። የአንድ ቤት ወተት ደግሞ ምን ቅቤ ይወጣዋል? ስለዚህ ዕቁብ ገባን፦ በየቀኑ የሁላችንም ወተት ለአንዷ ይገባል፣ እሷ አርግታ ትገፋለች፣ ቅቤውን ለፋሲካ ትሸጣለች። በማግስቱ ለሌላዋ።

የመጀመሪያው ለድንቄ ይሁን ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። መኖ አልቆባታል። ደግሞ አበልጄ ናት፤ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ።

ማክሰኞ

ሁላችንም ለድንቄ አስገባን። የሰውዬው ፒካፕ መጥቶ ጥሩምባውን ቢነፋ ቢነፋ አንድ ሰው አልወጣም። ደስ ሲል! ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ከደጃቸው ሆነው «ጀባዻ! በርቱ ልጆቼ!» አሉን።

ዓርብ



የገፋች ሴት አሬራውን ለየቤቱ ልጆች ትልካለች፤ ወጉ ነው። ከድንቄ ምንም አልመጣም። ጆግ ይዤ ሄድኩ። ማሰሮዋ ታጥቦ ተደፍቷል፣ ደርቋል። «ድመት ደፋችብኝ» አለች። የመንደር ሙሉ ወተት! ድመት!

ዞር ስል ግድግዳው ሥር አዲስ ፉርሽካ በጆንያ። ከየት አመጣሽው? አለቀሰች። ሰውዬው ማክሰኞ ማታ በጓሮ በኩል መጥቶ «ለአንቺ ብቻ በጥሩ ዋጋ» አላት፤ የሁላችንንም ወተት ቀድታ ሰጠችው። እኛ አንሸጥም ብለን ደረታችንን ነፍተን፣ ወተታችን ከተማ ገብቷል።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ይህን ያህል ባላመመኝ። ጆጌን እዚያው ረስቼው መጣሁ።

ቅዳሜ

ወሬው ተዳረሰ። ሁለት ሴቶች «ከእንግዲህ ማን ማንን ያምናል?» ብለው ወተታቸውን ወደ ፒካፑ ይዘው ወጡ። ሰውዬው ጭራሽ ከሰኞው አሳነሰባቸው! «ካልሆነ መልሱት፤ እናንተ እንደማትስማሙ ድሮም አውቃለሁ» አለ። ድንቄ ራሷም ወተት ይዛ ወጥታ ነበር። «ያ ዋጋ የዚያን ቀን ነው» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ በጾም። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሁለቱ ሴቶች ግን ወተታቸውን ይዘው ተመለሱ።

እሑድ

ዛሬ ተራው የእኔ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ። ማንም ካልመጣ ነገ እኔም ፒካፑ ጋ እሰለፋለሁ፤ አለቀልን ማለት ነው።

ከዕቁቡ ሴቶች መጀመሪያ ጫልቱ መጣች። ቀጥሎ ሌሎቹ፣ አንድ በአንድ። የትናንቶቹም ሁለቱ መጡ።

በመጨረሻ ድንቄ፣ ጀሪካኗን ይዛ። ደጁ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። ብመልሳት ወደ እሱ ነው የምትሄደው፤ እሱ ደግሞ በአንድ ሰው በኩል ነው የሚገባብን። ግቢ አላልኳትም። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳት።

ከሌላው ጋር ግን መደባለቅ አቃተኝ። በትንሿ ማሰሮ ለብቻው አስቀመጥኩት። ስገለብጥ አይታኛለች። ባዶ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።