ያሸሁት ቁርጭምጭሚት

ዓርብ፣ ሪያድ፣ 2007

ሰይድ ተኝቷል፤ እኔ ግን ብርድ ልብሱን እየገለጥኩ እግሩን አያለሁ። የእህቴ ልጅ ነው፣ ዑለያ በሚባለው ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሹፌር። ዛሬ ሱለይ ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ኳስ ስንጫወት ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው። የቡድኑ ወጌሻ እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ የጠየቀኝም የለም።

ከጨዋታው በፊት ሰውነቱን ሊያሟሙቅ ሜዳውን መዞር ሲጀምር፣ "ሙሽራው፣ ለሰርግህ ነው የምትለማመደው? ያላ፣ ግባ" አልኩት። ሁሉም ሳቁ። አፍሮ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ወደቀ።

ዘይት አሙቄ አሸሁት። ሳብ አደረግሁት። "አጎቴ፣ ቀስ" አለኝ። "ኳሱን ስትመታ ቀስ አላልክ" አልኩት።

ቅዳሜ

እግሩ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል። በልዟል። እህቱ ዘይነባ ደወለች። በምትሠራበት ቤት ያሉት አሮጊት ወድቀው ሲታከሙ ያስታመመቻቸው እሷ ናት።

"ምን አደረግህለት?"

"አሸሁት።"

"ያበጠ እግር በሙቅ ዘይት ይታሻል? በረዶ ነበር እንጂ። አሁን እንኳ እጅህን አንሳለት።"

አነሳሁ። ያለችኝን ጻፍኩ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከሃያ ደቂቃ ሳይበልጥ። በፋሻ ማሰር፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ማላላት። እግሩን ትራስ ላይ፣ ከደረቱ ከፍ። መርገጥ የለም።

በረዶ ስላጣሁ በከረጢት ያለ የቀዘቀዘ አተር ገዛሁ። "ምሳዬ ነው?" አለ ሰይድ። ዛሬ የቀለደው ይህን ብቻ ነው።

እሑድ

የተጎዳው ፍሬን የሚረግጥበት ቀኝ እግሩ ነው። ለአሠሪው "ጉንፋን ይዞኛል" እንዲል የመከርኩት እኔ ነኝ። ሰውየው፣ "እስከ ቅዳሜ ካልመጣህ ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ ሹፌር አመጣለሁ" አለው። የመኖሪያ ፈቃዱ በሰውየው እጅ ነው። ከተወው ሰይድ ወደ አገር ቤት ነው።

አራት እርምጃ መሄድ አልቻለም። ዘይነባ፣ "መርገጥ ካቃተው ራጅ ይነሣ" አለች። ፈራሁ። ዓርብ ስስበው "ቀጭ" ያለ ነገር ሰምቼ ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

ሰኞ

ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ "ቀጭ" ማለቱን ለሰይድ ነገርኩት። "እኔም ሰምቼዋለሁ" አለ።

አጥንቱ አልተሰበረም። ጅማቱ ነው የተጎዳው። ሐኪሙ "ማነው ያሸው?" ሲል ሰይድ "ራሴ" አለ። ስንወጣ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

ለአሠሪው እውነቱን ነግረን የሐኪሙን ወረቀት ላክን። መልስ የለም።

ዓርብ

አሠሪው ትናንት መለሰ። "ቅዳሜ ና፣ መንዳት ትችል እንደሆነ አያለሁ።"

ዛሬ ሳያሟሙቅ ወደ ሜዳ የገባ የለም። "ሰርጉ የማን ነው?" አለኝ በረኛው። "የኔ" ብዬ አብሬያቸው ሮጥኩ። ሰይድ ከዳር ግድግዳ ይዞ በቀኝ እግሩ ለመቆም ይሞክራል። አስር ቆጠርኩለት። እብጠቱ ጎድሏል።

ቤት ስንገባ ወንበር ላይ አስቀምጬው ወለሉ ላይ ተንበረከክሁና መዳፌን እንደ ፍሬን ዘረጋሁለት። ረገጠ።

"ጠንከር አርገው።"

ጠንከር አደረገ።

"ያማል?"

"አያምም" አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።