መሳቅ የተከለከለበት ፎቶ

ማክሰኞ፣ ወር በገባ በዘጠኝ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ለልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ ብሎ መጀመር ደንብ ነው፤ እንግዲህ ጠይቄሻለሁ። እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከመንቋቋቱ በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽ ምሳዋን በልታ ሁለት እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ ተኝታለች። ባልሽ ግቢ ውስጥ የሰው ሶፋ እየቀደደ ነው። ሶፋ ሠሪ ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚቀድድ እነግርሻለሁ፤ ግን በተራው።

ሰማያዊውን ደብተር እንድልክልሽ ሦስት ጊዜ አስጠይቀሽኛል። ሞልቷል፤ የቀረው ግማሽ ገጽ ነው። ግን አልልክልሽም። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ልጅቷን ራሷን ወደ አንቺ ልታስመጪ አይደል? ባልሽም ይዟት ሄዶ እዚያው ሊቀር፣ የግቢው ቁልፍ ለእኔ ሊቀር? ይህን ከእናንተ ማንም አልነገረኝም። ልጅሽ ድንቢጥ ናት የነገረችኝ። እሷ ደግሞ ምን እንደነገረችኝ አታውቅም።

ወደ ሰው አገር ስትሄጂ ደብተሩን የሰጠሽኝን ቀን ታስታውሺያለሽ? የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጅ ጭኔ ላይ አስቀምጠሽ፣ «እማዬ፣ አፏን ስትፈታ የምትናገረውን አስቂኝ አስቂኙን ጻፊልኝ። ሌላው ሁሉ ቢያመልጠኝ እሱ እንኳ አያምልጠኝ» አልሽ። እኔ ያኔ ፊደል ከቆጠርኩ አራት ወሬ ነበር። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ወጥቼ፣ እጄ በረኪና በረኪና እየሸተተ፣ የአንቺ ታናሽ ከምትሆን አስተማሪ ፊት ተቀምጬ የተማርኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አባትሽ «ለውሃ ቆጣሪው ነው፣ እዚህ ጋ ንኪ» ብሎ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክሮ ያስፈረመኝ ወረቀት የቤታችን መሸጫ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረቀትን አላምንም፤ ወረቀት የሚያቀርብልኝን ሰውማ ጭራሽ።

ስለዚህ የልጅሽን ወግ ስጽፍ እንደ ምስክር ቃል ነው የጻፍኩት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳለች። ባልሽ አይቶ «እማማ፣ ፖሊስ ጣቢያ አስመሰሉት እኮ!» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ።

«ሐሙስ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። እኔና እሷ። ሳበጥራት፣ ‹ቀስ በይ፣ ፀጉሬ ገና አልነቃም› አለች።»

«ሰኞ፣ ከሰዓት። እኔ፣ እሷ፣ አባቷ። ፊቴን በጣቷ እየነካች፣ ‹እማማ፣ ማነው እንዲህ ያጨማደደሽ? ተኩሺው እንጂ› አለች። አባቷ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።» አልሳቅሁም ብዬ ጻፍኩ እንጂ ኩሽና ገብቼ ስቄያለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት ጻፍኩ። ከሁለት ወር በፊት ግን ወጓ ተቀየረ።

«ረቡዕ፣ አምስት ሰዓት። አባቷ ይዟት ወጥቶ ሲመለሱ። ‹እማማ፣ ፎቶ ስትነሺ መሳቅ ክልክል ነው። የሳቀ ሰው እንደገና ነው የሚነሳው። እኔ አራቴ ተነሳሁ› አለች።»

ባልሽን ጠየቅሁት። «ለማስታወሻ ብዬ ነው፣ እማማ» አለኝ፣ ዓይኑን መርፌው ላይ ተክሎ። ለማስታወሻ የሚነሳ ልጅ አትሳቂ ይባላል? ሕፃን እንዲስቅ አሻንጉሊት ነው የሚያሳዩት። ሰውየው አንድ ነገር ይዟል አልኩ። ወጓን ለአንቺም ጻፍኩልሽ፤ አንቺ «እንዴት እኮ ታስቃለች!» ብለሽ መለስሽልኝ። ያኔ የሳቅሽው በማን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ የጎረቤቱን ድመት በማላውቀው ቋንቋ ሰላም አለቻት። ድመቷ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። «አልገባትም። ገና አልተማረችም» አለችኝ።

«አንቺንስ ማን አስተማረሽ?»

«ሴትዮዋ።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ጥፍሯ ቀይ የሆነችው። ብስኩት ትሰጠኛለች። አባዬ እሷ ጋ ስንሄድ ሸሚዝ ይቀይራል።»

ይህን ስሰማ የምተኩሰው አንሶላ ሊቃጠል ነበር። የሚቀይረው ሸሚዝ እኔው ኮሌታውን ሁለት ጊዜ የተኮስኩለት ነው! አንቺ በሰው አገር ወገብሽን ስትሰብሪ፣ እሱ ልጅሽን ሽፋን አድርጎ ቀይ ጥፍር ቤት ይውላል ብዬ ደመደምኩ። ለአንቺ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በዓይኔ ሳላይ አልናገርም አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ከኋላቸው ተከተልኳቸው። እነሱ በግራ ሲሄዱ እኔ በቀኝ፣ እሱ ዞር ሲል እኔ የጫማ ሱቅ መስኮት ሳይ፣ በዚህ ጉልበቴ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን ሳንኳኳ የማወርድባትን ስድብ ደርድሬ ጨርሼ ነበር።

የከፈተችልኝ ሴትዮ ጥፍሯ እውነትም ቀይ ነው። ዕድሜዋ ግን ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ፊት ሦስት ልጆች፣ አንዷ ድንቢጥ። ባልሽ ጥግ ላይ የሕፃን ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ እሱም ደብተር ይዟል።

«እማማ መጣች!» አለች ልጅሽ። «ፊቷን አልተኮሰችም ግን።»

ሴትዮዋ ሳቀችና እጄን ያዘች። «አያቷ ነዎት? ስለ እርስዎ ሳታወራ ውላ አታውቅም። አይዞዎት፣ በሃያ ሁለት ቀን ውስጥ ሌላው ቢቀር ውሃና ሽንት ቤት መጠየቅ ትችላለች። የቀረውን እናቷ ጋ ስትደርስ ታነሳዋለች።»

«እናቷ ጋ?» አልኩ።

የባልሽ ደብተር ከእጁ ወደቀ። የደረደርኩት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «የቆሸሸ ሸሚዝ ካለ ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩ።

መንገድ ላይ ልጅቷን መሀል አድርገን ተነጋገርን።

«እማማ፣ እኔ ልነግርዎት ነበር። አትንገር ያለችኝ እሷ ናት» አለ።

«ለምን?»

«ይተዉት።»

«አንተ! ለምን?»

«‹ቀኑን ካወቀች ልጄን ይዛብኝ ትጠፋለች› አለች።»

እንግዲህ ይህን ነው ያልሽው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሷን ሲያማት አብሬያት ያደርኩትን፣ ጫማዋን በየስድስት ወሩ የምለካውን፣ ልጅሽን ይዛብኝ ትጠፋለች አልሽ። ቤት ገብቼ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩት። ይህን ደብተር የሰጠሽኝ ለማስታወሻ ነው ወይስ እጄንም ልቤንም ሥራ ለማስያዝ? «እሷ የልጅ ወግ ትልቀም፣ እኛ ጉዳያችንን እንጨርስ» ተባብላችኋል? ይህን ጥርጣሬ ከማን እንደወረስሽው አልጠይቅሽም፤ አባትሽ ሰው አማኝ ነበር፣ የሚታመን አልነበረም እንጂ።

ተሳስተሻል ልልሽ ነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ግን ልክ ነሽ።

እሁድ ጠዋት ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ሳምንት ያለፈው ወግ አገኘሁ። «አርብ፣ ሦስት ሰዓት። እኔና እሷ። ‹አባዬ ፎቶዬ ያለበትን ትንሿን ደብተር ለሶፋው አበላው። ሶፋው አላላመጠም፣ ዋጠው› አለች።» ያኔ ስቄ አልፌዋለሁ። እሁድ ግን ባልሽ ሲወጣ ወደ መሥሪያው ገባሁ። አንድ ዓይነት አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ሁለት ሶፋዎች ነበሩ፤ የደንበኛ ናቸው፣ ሐሙስ ይወሰዳሉ። የባልሽን ስፌት አውቀዋለሁ፤ የአንዱ መቀመጫ ሥር ግን ክሩ ቸኩሎ የሰፋ ሰው ክር ነው። ፈታሁት። ፓስፖርቷ ከስፖንጁ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከእኔ ነው የደበቀው። ወሰድኩትና ስፌቱን መልሼ ሰፋሁት። ሠላሳ ዓመት የሆቴል አንሶላ ጠርዝ የሰፋ እጅ ነው፤ እንደተነካ እንኳ አያስታውቅም።

ፓስፖርቱ አሁን እየጻፍኩበት ባለው የመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ነው። ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ባልሽ ጠዋት ሶፋውን ፈቶ ሲያጣው ሁለተኛውን ፈታ፣ «ተምታቶብኝ ይሆናል» እያለ። አሁን የሶፋውን ክንድም ጀርባም እየቀደደ ነው። ወደ እኔ አልመጣም፤ ጠይቆኝ ‹እኔ አልወሰድኩም› ካልኩ ምን እንደሚል አያውቅም። እኔም አሥራ ዘጠኙ ቀን እስኪያልፍ ዝም ብል ምን ይመጣል እያልኩ ነው። ሌላ እስኪያወጡ ወር ይፈጃል፣ ሁለት ወር ይፈጃል። ሁለት ወር ብዙ ወግ ነው።

እሁድ ከሰዓት ደግሞ አዲሱን ሻንጣ ከፍታ ውስጡ ተኝታ አገኘኋት። «እኔ እገባለሁ። አንቺ ግን እግርሽ ውጭ ይቀራል» አለችኝ። ፊቴን ስታየው ጊዜ፣ «አይዞሽ፣ እንደ አንሶላ አጣጥፌሽ አስገባሻለሁ» አለች። ይህንን አልጻፍኩትም። ገጽ ጠቦኝ አይደለም።

ቆይ፣ ተነሳች መሰለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ልጨርስልሽ።

ድንቢጥ ተነስታ ውሃ ጠጥታ መጣችና ከጠረጴዛው ሥር እግሬ ላይ ተቀመጠች። የልጅ ጨዋታ ስልኳን ይዛ ታገላብጠዋለች።

«እማማ፣ እናቴ ከስልኩ ስትወጣ ስንት ታክላለች?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ማለቴ እንዳንቺ ትልቅ ትሆናለች ወይስ እንደ ጣቴ ናት? እንደ ጣቴ ከሆነች በኪሴ እይዛታለሁ። ሰው እንዳይረግጣት።»

እንዴት እንደምጽፈው ግራ ገባኝ። ሰዓቱን ጻፍኩ፣ እኔና እሷ ብቻ ብዬ ጻፍኩ፣ ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። ደብተሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚያስቀው ይህ ነው፤ አንቺም በስልክ ብነግርሽ ትስቂ ነበር።

«እንደኔ ትልቅ ናት። እንዲያውም በቁመት ትበልጠኛለች» አልኳት።

«ተሸክማኝ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«እኔ ግን አላየሁም» አለች፤ በቃ።

ብርድ ልብሱን ገልጬ ፓስፖርቱን አወጣሁ። አሳየኋት፤ ከዚያ እጇን ይዤ ግቢ ወረድኩ። ባልሽ የተበጣጠሰ ስፖንጅ መሀል ተቀምጧል፤ ጢሙ ላይ ሳይቀር ስፖንጅ አለ።

«ይህን ነው የምትፈልገው?»

አየው። አየኝ። የሶፋው ባዶ እንጨት ላይ ዝርፍጥ አለ።

«እማማ! የሰውየውን ሶፋ ገደልኩት እኮ!»

«ማን ግደል አለህ? ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ…»

«ብጠይቅዎ ይሰጡኝ ነበር?»

«አልሰጥህም ነበር። መርፌ አምጣ፣ ሐሙስ ሩቅ አይደለም።»

እስካሁን ስንሰፋ ነበር። ጠቅልሎ በሰፋ ቁጥር አፍንጫውን ሲስብ እሰማለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልልከው ነበር፤ ትቼዋለሁ። በልጅሽ ሻንጣ፣ ከሹራቦቿ ሥር ታገኚዋለሽ። አጠገቡ አንድ አዲስ ደብተር አለ፤ ቀይ ነው፣ ባዶ ነው። ሰማያዊው የእኔ ነው፤ የወጉ ባለቤት ራሷ አጠገብሽ እያለች ምን ያደርግልሻል? በቀዩ ላይ የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች በማስመሪያ አስምሬልሻለሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ነበረ፣ ምን አለች። ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፊው አንቺ ነሽ፣ የማነበው እኔ ነኝ። ሲሞላ ላኪልኝ። ሥራ በዛብኝ ብለሽ ከራስሽ ፈጥረሽ ብትጽፊ አውቅብሻለሁ፤ የእሷን አነጋገር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በሌላ ቋንቋ መቀለድ ስትጀምርም እንዳለ ጻፊው፣ ከሥሩ ፍቺውን። ደግሞ ስታበጥሪያት ቀስ በይ፤ ፀጉሯ ዘግይቶ ነው የሚነቃው።

እግዚአብሔር መንገዷን ያቅናላት፤ ገና ከሩቅ ስታይሽ የምታውቅሽ ያድርጋት። ለአንቺም የሰጠሽኝን ጥርጣሬ ሁሉ ይቅር ይበልሽ፤ እኔ ገና እያሰብኩበት ነው።

ጣት ሳላስነክር በገዛ እጄ ጽፌ የፈረምኩት፣

እናትሽ

የሰማያዊው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ይቺ ናት፤ ገልብጬ ሰጥቼሻለሁ፣ ዋናው እኔ ጋ ነው፦

«ማክሰኞ፣ አሥር ሰዓት። እኔና እሷ። ፓስፖርቷን ሳሳያት ፎቶዋን አየችና፣ ‹አየሽ፣ እዚህ ላይ አልሳቅሁም› አለች። ጎበዝ አልኳት። ቀና ብላ ፊቴን ብዙ አየችው። ‹እማማ፣ አንቺም ፎቶ ልትነሺ ነው እንዴ?› አለች።»