ጻፍ ሲሉት የሚጽፈው ባሌ

ሆሳዕና፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፳ ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፤ ዛሬ በሆሳዕና ከእኔ በላይ ሴት የለችም!

«ያንን የዞረበት ሰውዬ ትተሽ ነይ» ብለሽ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ያነበበልኝ ማን መሰለሽ? ራሱ ባሌ ሰይፈሥላሴ። አንዲት ቃል ሳይዘል፣ ፊቱም ሳይከፋ አነበበልኝ። እኔ በቁሜ ሞትኩ።

እውነትሽን ነው፣ መከራዬን አይቻለሁ። ከጊምቢቹ ገበያ ሲመለስ በቅሎዋ ግንባሩን ከረገጠችው ወዲህ ቁስሉ ድኗል፣ ሰውየው ግን አልተመለሰም። ያስቀመጡት ቦታ ይውላል። እህል ቀርቦለት ብላ ካላሉት አይበላም። ለቅሶ ቤት ይስቃል። የቄሱ ሚስት እንዴት አየኸኝ ብትለው በሰው ፊት አፍንጫሽ እንዴት ያስጠላል ሲላት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያላስጠመቅኩበት ጠበል የለም። ከሁሉ የከፋኝ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በራሱ አንድ ነገር አለመጀመሩ ነው። በስሜ እንኳ አንድ ቀን አልጠራኝም።

ታዲያ በሐምሌ አንድ የሶሮ አገር ሽማግሌ አቤቱታ ሊያስጽፉ ከቤት መጡ። መታመሙን አልሰሙም። በዚያ በሚጣፍጥ የሀዲያ አማርኛቸው «ጸሐፊ፣ ጻፍ!» ብለው ጀመሩ። እናቴ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያ ድንጋይ የሆነ ሰው ብዕሩን አንስቶ ያንን የጥንት ጽሕፈቱን አወረደው! ማቆሙን ደግሞ አያውቅም፤ የመጨረሻዋን ቃል እየደጋገመ ወረቀቱን ሞላው። «አበቃ» ብዬ ብዕሩን ከእጁ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እውቀቱ አልጠፋም፣ የጠፋው መነሻውና ማቆሚያው ነው። እሱን እኔ እሆንለታለሁ አልኩ።

ወንድሙ ወንዳፈረው ግን የችሎት ጸሐፊነቱን ሥራ ለራሱ ፈልጎ አብዷል ብሎ ከሰሰው። ባለፈው ሰኞ ችሎት ቀረብን። ዳኛው ከአጠገባቸው አስቀምጠው እስቲ ጻፍ ብለው አንድ የድንበር ክርክር ያስጽፉት ጀመር። በመካከል ወንዳፈረው ወደ ዳኛው ጆሮ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። ሲጨርሱ እኔ «አበቃ» አልኩ፣ እሳቸውም አንብበው አሉት። ምን ቢያነብ ጥሩ ነው? ድንበሩን አንብቦ አንብቦ፣ በዚያው ድምፁ፣ «ጌታዬ፣ ለእኔ ቢፈርዱልኝ አንድ ጋን ጠጅ ነገ ከቤትዎ ይገባል» አይልም! ጉድ እኮ ነው! በሹክሹክታ የተባለውንም ጽፎታል። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ላብ አጠመቃቸው፤ እንዲህ ያለ ታማኝ ጸሐፊ የትም አይገኝ ብለው ሥራውን እዚያው አጸኑለት። ወንዳፈረው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ መንገድ ለመንገድ እልል እያልኩ ገባሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ስለዚህ አልመጣም፣ አትጠብቂኝ። ይህንንም የሚጽፈው እሱ ነው፤ ስለ እሱ ያልኩትን ሁሉ ሳይከፋው እየጻፈው ነው። ቀና በል፣ ቀለሙ ሊደፋ ነው። ውይ፣ ይህንንም ጻፍከው? ጻፈው! ምን ላድርገው እናቴ? እንደ ድሮው ባይሆንልኝም ይህን ያህሉን ማንም አይወስድብኝም።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ልጅሽ ነኝ። አበቃ።

እማማ፣ ይህን ጻፍ ያለኝ የለም። ብዕሩን ከእጄ ወስዳ ነበር፣ መልሼ አነሳሁት። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ቆየችብኝ። በስሟ፣ እህተማርያም ብዬ ልጠራት ነው።

የልጅዎ ባል