ማንኪራ ዘጠነኛ ገጽ ላይ

ጥቅምት 5

ዝናብ። መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ። ቢሮ ውስጥ እኔና አስጎብኚያችን ጋሽ ፈለቀ ብቻ። እሳቸው በሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የተቀደደ ቦቲያቸውን በጎማ ቁራጭ ይለጥፋሉ፤ እኔ ስልኬን እነካካለሁ። ሥራዬ ነው እንግዲህ… የአስጎብኚዎች ማኅበራችን ድረ ገጽ ኃላፊ፣ ጸሐፊ፣ ፎቶ አንሺ፣ ሲያስፈልግም ቢሮ ጠራጊ።

ሲሰለቸኝ ጉግል ላይ «የማንኪራ ጫካ ጉብኝት» ብዬ ጻፍኩ። አንደኛ! ከሁሉም በላይ የኛ ድረ ገጽ! ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ አንደኛ ወጣን!»

«ከስንት?»

«ከዓለም!»

ቀና ብለው መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩት። «ታዲያ ሰዎቹ የታሉ?»

ይመጣሉ አልኳቸው። ቤት ስገባ ለእማዬም ነገርኳት። ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 6

ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም። መናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰሚር ጋ ሄጄ ጉራዬን ነዛሁበት። ዝም ብሎ የራሱን ስልክ አወጣና ፈለገ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የለንም። ሁለተኛው… ሦስተኛው… ዘጠነኛው ገጽ ላይ ተገኘን፤ ከአንድ ሶፋ ሻጭ ሥር።

«እኔ ስልክ ላይ እኮ አንደኛ ነው!»

«ስልክሽ ያውቅሻላ። ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ነው የምትከፍቺው፣ አፍሮሽ ነው ያስቀደመልሽ።»

እስኪበቃው ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ግን ማን ዘጠነኛ ገጽ ድረስ ይሄዳል? እኔ ራሴ ሁለተኛውን ከፍቼ አላውቅም።

ጥቅምት 9

ጋሽ ፈለቀ ምሳ ሰዓት ላይ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለሊቀመንበሩ ለማዕረግ ግን ገና አልነገርኩም» አሉኝ። ጅማ ያለው የልጃቸው ባል ሳምሶን አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ዘበኝነት አግኝቶላቸዋል። ከጥር አንድ ጀምሮ።

«እስከዚያ እንግዳ ከመጣ እቀራለሁ። ካልመጣ… ሥራ ፈት ሆኜ ከምቀመጥ ይሻለኛል።»

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ወደ ጫካ አስገብተው ያወጡ ሰው ናቸው። የመጨረሻዎቹ እንግዶቻችን የመጡት ግንቦት ላይ ነው፤ ሁለት ነበሩ። እሳቸው ከሄዱ ማኅበሩ ምን ይቀረዋል? አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ እኔ።

አዘንኩ። በጣም። እኔ እዚህ ቢሮ ስገባ «ቁጭ በይ ልጄ» ብለው ወንበር የለቀቁልኝ እሳቸው ናቸው። ጥር አንድ… ሁለት ወር ከሃያ ቀን ምናምን። ዘጠነኛ ገጽ።

ጥቅምት 14

አራት ቀን ሙሉ ቪዲዮ ሳይ፣ ሳነብ ከረምኩ። ጉዳችን ብዙ ነው። የገጻችን ርዕስ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ማን ነው ጉግል ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ጫካ የሚፈልግ? መክፈቻው ላይ ያለው የቢሮ ምረቃ ፎቶ ደግሞ አስራ ሰባት ኃላፊዎች የተሰለፉበት ነው፤ እስኪከፈት ቡና ይፈላል።

ትልቁ ጉድ ግን ስለ ጉብኝቱ የሚያወራው ጽሑፍ። አቶ ማዕረግ፣ ሊቀመንበራችን፣ ያን ጊዜ «ሰው እንዲያምነን» ብለው በደብዳቤ አስጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም መትተው፣ ስካን አስደርገው ነው የለጠፍነው። ለካ ጉግል ይሄን የሚያየው እንደ ፎቶ ነው፤ ጽሑፉን አያነበውም። ከዚያ በታች ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች፣ የሊቀመንበሩ መልእክት።

ገብቼ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያለ ማኅተም?»

«ያለ ማኅተም።»

«ራዕዩስ?»

«ራዕዩ… ወደ ውስጥ ይገባል። ‹ስለ እኛ› የሚል ክፍል አለ።»

«ራዕይ እንዴት ወደ ውስጥ ይገባል ኑኃሚን? ራዕይ ፊት ለፊት ነው የሚሆነው!»

አንድ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ የሳቸው መልእክት ከነፎቷቸው እንዲቆይ፣ ግን እንዲያንስ ተስማማን። ፎቷቸውን አሳንሼ ሳሳያቸው «ወጣት አስመሰልሽኝ» ብለው ደስ አላቸው።

ጥቅምት 20

118 ሰው ገጻችንን ከፈተ!!! በአንድ ቀን! ትናንት አራት ነበርን፣ አራቱም እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሠራ! ለጋሽ ፈለቀ ሻይና ሁለት ቦንቦሊኖ ጋበዝኳቸው።

ጥቅምት 21

አልሠራም።

118ቱም ከዚሁ ከከተማችን ከቦንጋ ናቸው። አንዱም ከሦስት ሰከንድ በላይ አልቆየም። አቶ ማዕረግ እሁድ እድር ላይ ቆመው «እያንዳንዱ አባል ጠዋትና ማታ ድረ ገጻችንን የመክፈት ግዴታ አለበት» ብለው አስወስነዋል። ውሳኔው ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል!

እማዬ ማታ በኩራት «እኔም ሁለቴ ከፈትኩልሽ፤ ሁለተኛውን ለአባትሽ ነው» አለችኝ። ምን ይባላል? ሳምኳት።

ጥቅምት 27

ስምንተኛ ገጽ። ማኅተሙ ወጥቶ፣ ፎቶው አንሶ፣ ርዕሱ ተቀይሮ… ስምንተኛ።

ሰሚር «ከጽሑፍሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ቁረጪና ፈልጊው» አለኝ። «በተፈጥሮ ውበት የተላበሰ፣ አይን የሚያፈዝ አረንጓዴ ምድር» የምትለዋን ፈለግኩ። ቃል በቃል ስንት ቦታ ወጣች መሰላችሁ! አንዱ ስለ ሐይቅ ነው፣ አንዱ ስለ ፍል ውሃ። እኔ የገለበጥኩት ከቢሮ ሪፖርት ነበር፤ ሪፖርቱ ከየት እንደገለበጠ እግዜር ይወቅ። ጉግል ምን በወጣው ነው አርባኛውን ቅጂ ከፊት የሚያስቀምጠው?

ለጋሽ ፈለቀ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጡ።

«ጥሩ ነው። የት ነው ይሄ ቦታ?»

«ማንኪራ ነዋ!»

«እ… አንቺ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

ፊቴ ጋለ። ቦንጋ ተወልጄ፣ ቦንጋ ተምሬ፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ። አልሄድኩም። ቤተሰቦቼ የቢሮ ሰዎች ናቸው፤ ጫካ እንግዳ የሚሄድበት ቦታ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። እሳቸው አልሳቁብኝም። «ቅዳሜ ቦቲ አድርገሽ ነይ» ብቻ አሉ።

ኅዳር 1

እግሬ የኔ አይደለም። ሁለቴ ወደቅሁ፤ አንዱን ጋሽ ፈለቀ አላየሁም ብለውኛል።

መኪናው ካወረደን በኋላ በእግር ነው። ከመግባታችን በፊት አሸተቱኝና መለሱኝ። እውነቴን ነው! «ሽቶ ተቀብተሻል። ንቦቹ አይወዱም።» መግቢያው ላይ ያለችው ወንዝ ዳር አንገቴን ታጥቤ ነው የገባሁት። ቀፎዎቹ ዛፍ ላይ ከፍ ብለው ተሰቅለዋል። የጫካ ቡና እኛ ጓሮ እንዳለው አይደለም፤ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይሄዳል። ለቃሚዎቹ ግንዱን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ያጎነብሱታል፣ ይለቅማሉ፣ ቀስ ብለው ይለቁታል። አንዷን ሴትዮ «አይሰበርም?» አልኳት። ጋሽ ፈለቀ በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋ፣ ተረጎሙላት። ተሳሳቁ። «ይሄን የሚጠይቅ የከተማ ሰው ብቻ ነው» አለች አሉኝ።

እግሬ ሲዝል አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። እዚህች ድንጋይ ላይ ሁሉም ይቀመጣል፣ ማንም ሳያርፍ አላለፈም አሉ። ጉሬዛዎች ከላያችን ዘለሉ። ዝም ብዬ ማየት… ለምን አልቅሺ አልቅሺ እንዳለኝ አላውቅም። ይሄን ሁሉ ጊዜ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስለዚህ ቦታ ስዋሽ ነበር።

ኅዳር 5

ሰሚርን ለምኜዋለሁ። ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የሚጠይቁትን ሁሉ ጻፍልኝ አልኩት። ዛሬ አንድ ገጽ ሙሉ ሰጠኝ። «ከጅማ ስንት ሰዓት ነው?» «ዝናብ ከዘነበ መግባት ይቻላል?» «ልጅ ይዤ ብሄድስ?» «ያለ አስጎብኚ ይከለክላሉ?» «ሽንት ቤት አለ?»

ማንም አይን ስለሚያፈዝ አረንጓዴ ምድር አልጠየቀም።

ኅዳር 12

ከጋሽ ፈለቀ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ስንጽፍ ነበር። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ በሳቸው አነጋገር እንዳለ አሰፍራለሁ። «ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ያንሸራትታል። ቦቲ ከሌለህ እኔ አለኝ። የጫማ ቁጥርህን በስልክ ንገረኝ።» ከዚህ የተሻለ እኔ አልጽፍም።

አቶ ማዕረግ አነበቡ። ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «በማኅበራችን ስም… ይሄ ይወጣል?»

«ሦስት ሰው ጠይቋል፣ አቶ ማዕረግ።»

እስክሪብቶ አነሱ። «እንግዲያው ‹መጸዳጃ› በይው።»

ኅዳር 28

ሁለተኛ ገጽ። ሰሚር ስልክ ላይ! ሶፋ ሻጩን አልፈነዋል!

ታኅሣሥ 9

አንደኛ ገጽ፣ አራተኛ ላይ። በሰሚር ስልክም አየሁ፤ ሀዋሳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ህይወትም ፈልጋ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከመቀሌ፤ ሦስትና አራት ደቂቃ ቁጭ ብለው ያነባሉ። ዛሬ ማንም አይናገረኝ፣ ንግሥት ነኝ።

ታኅሣሥ 14

ንግሥቲቱ ወርዳለች። ሰው ያነባል እንጂ አንድም አይደውልም። ጋሽ ፈለቀ ዛሬ ቢሮ የነበረውን የዝናብ ልብሳቸውን ወሰዱ። «ላጥበው ነው» አሉ። ሊያጥቡት እንዳልሆነ እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

አስራ ሰባት ቀን ቀረ። ምኑ ነው የጎደለን?

ታኅሣሥ 15

ልፈነዳ ነው! ሰሚር «እስቲ እንደ እንግዳ ሆኜ ልደውል» ብሎ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለ። ጥሪ የለም። የቢሮው መደበኛ ስልክ ነው! መንገድ ሲቆፈር መስመሩ ከተቆረጠ ሁለት ዓመቱ። አቶ ማዕረግ ነበሩ «የእጅ ስልክ ለመሥሪያ ቤት አይሆንም» ብለው ያስጻፉኝ፤ እኔም እሺ ብዬ የጻፍኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ በየቀኑ አቧራውን እጠርግለታለሁ እኮ! ስንት ሰው ደውሎ ተስፋ ቆርጦ ይሆን?

ማንንም ሳላስፈቅድ የጋሽ ፈለቀን የእጅ ስልክ አስገባሁ። በትልቁ። ከላይ።

ታኅሣሥ 17

ደወለ!

ቢሮ ነበርን። ጋሽ ፈለቀ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ይዘውት «ማን ልበል?» አሉ። አበዛሽ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ ከአዲስ አበባ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ማንኪራ መግባት ይችሉ ይሆን? ሌሎቹ ጋ ሁሉ ፈልገው ስለ ጉልበት የጻፈ አላገኙም። የኛ ላይ ስለ ማረፊያ ድንጋይዋ አንብበው ነው የደወሉት።

ጋሽ ፈለቀ ግማሽ ሰዓት አወሩ። የትኛው ጉልበት እንደሆነ ጠየቁ። ደረጃ ሲወጡ ነው ሲወርዱ የሚያምዎት አሉ። ምርኩዝ እንደሚቆርጡላቸው፣ የታችኛውን መንገድ እንደሚይዙ፣ ሲደክማቸው እንደሚያርፉ ነገሯቸው። አምስት ጓደኛሞች ሆነው ይመጣሉ፣ ታኅሣሥ 26።

ስልኩን ዘግተው አዩት። «ስለ ጉልበቴ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም አለችኝ» አሉ።

ታኅሣሥ 21

ሌሎች ሁለት ደወሉ። አንዱ ለጥር አጋማሽ፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ጋሽ ፈለቀ ስለ ጅማ አንድም ነገር አላነሱም። እኔም አልጠየቅሁም… ፈራሁ። ሳምሶን መጋዘኑ ቦታውን ይዞ እየጠበቀ እንደሆነ በየቀኑ ይነግራቸዋል።

ታኅሣሥ 26

አሁን ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ፤ ሳልታጠብ ልጻፈው።

እነ እትዬ አበዛሽ መጡ። አምስት ሴቶች፣ አንድ ምርኩዝ፣ ሳቃቸው ጫካውን ሞላው። ጋሽ ፈለቀ አምስቱንም አሸተቱ፤ ሁለቱን ወንዝ ዳር ላኩ። አቶ ማዕረግ መኪናው ድረስ መጥተው የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አደረጉ፤ ራዕዩንም ጨምረው። እዚያ ላይ ማንም አልከለከላቸውም።

ወንዟን ስንሻገር የጋሽ ፈለቀ ስልክ ጠራ። በአንድ እጃቸው እትዬ አበዛሽን ደግፈዋል፣ በሌላው ቅርንጫፍ ይዘዋል። «ከኪሴ አውጥተሽ አንሺልኝ» አሉኝ።

ሳምሶን ነው። ከጅማ።

«አባባ የሉም?»

«አሉ። ሥራ ላይ ናቸው።»

«ሥራ? የት?»

«ማንኪራ። እንግዳ እያሻገሩ ነው።»

«የመጋዘኑ ሰውዬ እኮ ዛሬ መልስ ይፈልጋል! መቼ ነው የሚጨርሱት?»

ወደሳቸው ዞሬ፣ ውሃው ውስጥ እንደቆምኩ፣ ጮክ ብዬ ጠየቅኋቸው። «መቼ ይጨርሳሉ ይላል!»

ጋሽ ፈለቀ አልዞሩም። አይናቸው እትዬ አበዛሽ እግር ላይ ነበር፤ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚያርፍ እያዩ።

«ገና አሁን ጀመርኩ በይው።»