ክንፍ ያወጣው የጋዝ ቧንቧ

ጉለሌ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ለምትኖሪው ለታናሽ እህቴ ለእጅጋየሁ፤ በጠጉሬ ቁጥር ልክ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ራሰ በራነቴን ስለምታውቂ «አነሰብኝ» ትዪ ይሆናል፤ እንግዲያው በአንቺ ጠጉር ቁጥር ይሁንልሽ።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ደም ግፊትሽስ? ያቺ ቀይ ዶሮሽ ዛሬም እንቁላሏን የምትጥለው ጎረቤት ግቢ ነው? ወፍጮ ቤቱስ ይሠራል ወይስ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደ ድሮው ይቆማል? እኔ እንኳ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚጽፈው እንዲያ ነውና። ነገር ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም የጋዝ ቧንቧ ላላስገባ ምያለሁ። ስለዚህ ደህና አይደለሁም። ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ በሰው አሾፋለሁ፤ ደህና ግን አይደለሁም። የወንድማችንን የመንገሻን ድምፅ ከሰማሁ አምስት እሑድ አለፈ፤ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

ይህን የሚያደርስልሽ ልጅ ቡልቻ ይባላል። እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ታክሲ ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ነድቶ ከልጄ ከአይናዲስ ቤት፣ ከካምቤል ይወስደኝና ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ከእኩዮቼ ጋር ዳማ ስጫወት ያውለኛል። ዛሬ ማታ ወደ እናንተ ይሳፈራል። በፖስታ ያልላክሁት አይናዲስ አይታ «ለማን ነው? ምን አሉበት?» እንዳትለኝ ብዬ ነው። ምሳ አብዪልኝ። ስለ እኔ ግን ምንም አትጠይቂው፤ ምስጢር ሲይዝ ግንባሩን ያልበዋል። ያለፈው ቅዳሜ በመንገድ ላይ «መንገሻ እንዴት ነው ይባላል?» ብለው መልሶ የሰጠኝ ሬዲዮኑን ነው፤ ከፍ አደረገልኝ።

እንግዲህ ስሚኝ። ሎንዶን ሳለን ጀርመን ስለላከብን በራሪ ቦምብ መቶ ጊዜ አውርቼልሻለሁ። እኔ ድስት ራሴ ላይ ደፍቼ ስሮጥ፣ መንገሻ በካፖርቱ ተጠልፎ ሲወድቅ፣ አንቺም ሆድሽን ይዘሽ ስትስቂ። እሱ ለገበያ የማወጣው ወሬ ነው። ዛሬ ጓዳ ያስቀመጥኩትን ልንገርሽ።

ዘመኑ ሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሰኔ ነው። በጣሊያን ጊዜ በስደት ያስከተሉን ጌታችን ወደ አገር ሲመለሱ እኛ እዚያው ሎንዶን ቀርተን በሌጋሲዮናችን፣ ማለት በኤምባሲው፣ እሱ ሾፌር፣ እኔ የወጥ ቤት ረዳት ሆነን ነበር። እሱ ሃያ ሦስት፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን። ጀርመኖቹ ሰው የማይነዳው አውሮፕላን ሠርተው ከባሕር ማዶ ይለቁብን ጀመር። ክንፉ አጭር፣ ጅራቱ እሳት፣ ሆዱ ፈንጂ። እንግሊዞቹ እንኳ በጢንዚዛ ስም እየጠሩ ያላግጡበት ነበር። ድምፁ ቁርጥ የእናንተን ወፍጮ ይመስላል። ድምፁን እስከሰማሽ ድረስ አትፍሪ፤ አልፎሽ ይሄዳል። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። ድንገት ጸጥ ካለ አፍንጫውን ወደ ምድር ደፍቷል ማለት ነው፤ አሥራ ሁለት እስክትቆጥሪ ይወድቃል።

አንድ ጠዋት እኔና መንገሻ ለሌጋሲዮኑ ወጥ ቤት ሽንኩርት ልንገዛ ወጣን። አትክልት መሸጫው በር ላይ ስንደርስ ከራሳችን በላይ ዝም አለ። እኔ እንደ ግንድ ደርቄ ቀረሁ። መንገሻ ማጅራቴን ይዞ ግድግዳው ሥር ደፋኝና ላዬ ላይ ተኛ። ጭንቅላቴን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ ጆሮዬ ሥር ይቆጥር ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አሥራ አንድ ደረሰ። ከዚያ እንደገና አሥራ አንድ አለ። አሁንም አሥራ አንድ። ቦምቡ ከጀርባ ባለው መንገድ ላይ ወደቀ፤ የመሸጫው መስታወት በሙሉ የዘነበው በእሱ ጀርባ ላይ ነው። እኔን አንዲት ስባሪ አልነካችኝም። ሐኪም ቤት በሆዱ ተኝቶ ስባሪውን ሲለቅሙለት «ምነው አሥራ ሁለትን ዘለልካት?» ብለው፣ «ስሟን ካልጠራኋት ምን ብላ ትመጣለች» አለኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ አንቺና የጉለሌ ሰው የማይጨው ቁስል እያላችሁ ስታከብሩት የኖራችሁት የጀርባው ጠባሳ የሽንኩርት ገበያ ቁስል ነው። በማይጨው ጊዜ መንገሻ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ የዘመተውም በጎረቤት በቆሎ እሸት ላይ ነው። ሃምሳ ዓመት ምስጢሩን ጠብቄለት ዛሬ የማወጣበት ተነሥቶ እንዲሰድበኝ ነው። ደግሞ ወፍጮው በቆመ ቁጥር ወሬውን አቋርጦ አጠገቡ ያገኘውን ልጅ ራስ በመዳፉ ሲሸፍን «ይህን ሰውዬ ምን ይነካዋል?» ትዪ አልነበር? ይቆጥር ነበር።

ጢንዚዛውን ስንለምደው በጳጉሜን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ሌላ መጣ። ይሄኛው ሮኬት ነው፤ ከድምፅ ይፈጥናል። መጀመሪያ ቤቱ ይናዳል፣ ምድር ይናጋል፣ የአመጣጡ ጉርምርምታ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ «ቤቶች» እንደሚል እንግዳ ማለት ነው። መንግሥቱ ሕዝቡ እንዳይሸበር፣ ጀርመንም የት እንዳረፈለት እንዳያውቅ ብሎ ዝም አለ። ሰፈር በፈረሰ ቁጥር «የጋዝ ቧንቧ ፈንድቶ ነው» ተባለ። ሁለት ወር ያህል የጋዝ ቧንቧ ነው ስንባል ከረምን። ቤቱን የምታጸዳልን ሚስስ ፐርኪንስ ጠዋት ስትገባ ባርኔጣዋን እየሰቀለች «ዛሬ ደግሞ የጋዝ ቧንቧው በእኛ ሰፈር በኩል በረረ» ትለን ነበር። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ያላወቀ ይመስላል። እኔና መንገሻ ያኔ ተማማልን፦ ማንም ማንንም ያታልል፣ እኛ ለእኛ ግን የጋዝ ቧንቧ አንባባልም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። መጀመሪያ እሑድ ስደውል «መንገሻ እንጦጦ ጠበል ወርዷል» አልሽኝ። ሻይ እንኳ ሳይፋጅ የማይጠጣ ሰው በጥቅምት ብርድ! ሁለተኛው እሑድ «ጥርሱን ታሞ መናገር አልቻለም» አልሽኝ። የትኛውን ጥርሱን ነው እጅጋየሁ? የመጨረሻዋን በደርግ ጊዜ አልነበር ያስነቀላት? ሦስተኛው እሑድ ናዝሬት ለአየር ለውጥ ላክሽው። አራተኛው እሑድ «ለቅሶ ቤት ሄዷል» አልሽና ድምፅሽ ተሰበረ። ያን ዕለት ሳታስቢው ግማሹን እውነት ነገርሽኝ። አምስተኛው እሑድ ከዚህ በኩል አይናዲስ «የስልክ ካርዱ አልቋል» አለችኝ፤ ካርዱ ከነማሸጊያው ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ።

አልፈርድባችሁም፤ እኔም ለሰው አድርጌዋለሁ። በስልክ መርዶ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ካህን መጥቶ፣ በማለዳ፣ ሰው ሳይበላ ነው። እዚህ አገር ግን ሽማግሌውም ሺፍት አለው። «ይህን እንዴት አወቅህ?» ትዪ ይሆናል። የአይናዲስ ልጅ ዮዲ ወጥ ቤት ባለው ካላንደር ላይ በእንግሊዝኛ ጽፋው ነው። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ጻፈች፤ ተሰረዘ፤ እናቷ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ድርብ ሺፍት ወጣባት። ሁለተኛው ቅዳሜ ተሰረዘ፤ የእኔ የዓይን ሐኪም አፖይንትመንት ነበረ። ሦስተኛው፣ የፊታችን ቅዳሜ፣ በቀይ ተከቧል፤ «አባባ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች» ይላል። ከቀልዴ ብዛት የሎንዶኑን ታሪክ ተረት አድርገውት እንግሊዝኛ ማንበቤን ረስተውታል። ጋራዥ ውስጥም አርባ ታጣፊ ወንበር በአንሶላ ተሸፍኖ ተደርድሯል። አንድ ቀን ገብቼ አንዱን ዘርግቼ ተቀመጥኩበት፤ ለራሴ ለቅሶ ቀድሜ የደረስኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አንድ በደል ግን ሠርቻለሁ። ያወቅሁ ሰሞን ተናድጄ በፌዝ ላወጣጣቸው ሞከርኩ። በዚያው በአምስተኛው እሑድ ምሳ ላይ «አይናዲስ፣ መንገሻን አገናኚኝ፤ አዲስ ስድብ አግኝቼለታለሁ» አልኳት። «ካርዱ አልቋል» ብላ እየሳቀች ተነሣች፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ለቀቀችው። ውኃው ሲፈስ ቆየ። ዮዲ ምግቧን ትታ መጣችና ከኋላዬ አቅፋኝ አገጯን አናቴ ላይ አስደግፋ «አይ ላቭ ዩ አባባ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እነሱ እኔን እያታለሉኝ አልነበረም፤ ላዬ ላይ ተኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ መንገሻ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ቅዳሜ እንግዲህ በፒጃማዬ ሆኜ በር እከፍታለሁ፤ ለብሼ ከጠበቅኋቸው ይነቁብኛል። የሚደነግጥ ፊትም በመስታወት ተለማምጄአለሁ፤ በመጀመሪያው ሙከራ የመንገሻን የሌለ ጥርስ የታመምኩ መሰልኩ። ለቅሶው ግን ልምምድ አይፈልግም። እኔ የተመታሁት አንቺ ጠበል ወረደ ባልሽኝ ዕለት ነው፤ ቅዳሜ የሚደርሰኝ ጉርምርምታው ብቻ ነው። ማወቄን አደራ ለአይናዲስ እንዳትነግሪያት። በሥርዓቱ አረዳሁት ብላ ትረፍ።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ ይህን ያለ ጋዝ ቧንቧ መልሺልኝ። «ሳይሠቃይ ሄደ» ብለሽ እንዳታልፊኝ፤ ያን ማንም ይለኛል። ጸጥ ያለ ጊዜ ማን ነበር አጠገቡ? ራሱ ላይ የማን እጅ ነበር? ማንም ካልነበረም ማንም አልነበረም በዪኝ። መልስሽን በቡልቻ ላኪልኝ።

ለልጅሽ ለማንደፍሮ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ጺሙን ከመላጨቱ በፊት መስታወት ይግዛ በዪው። ለቀይዋ ዶሮም፣ ለጎረቤቶችሽም፣ ዶሮዋ ከእነሱ ዘንድ ስለምትውል፣ እኩል ሰላምታ ስጪልኝ። ለመንገሻ ባለቤት ለሙሉዬ ከሰላምታ የሚበልጥ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ እጇን ይዘሽ ትንሽ ተቀመጪልኝ። ለልጅ ልጁ ለማቲ ደግሞ ይህን አደራ ስጪው፦ ወፍጮው ሲቆም አጠገቡ ያለችውን ታናሹን ራሷን ይሸፍንላት፤ ምክንያቱን ሲያድግ ትነግሪዋለሽ።

ለመንገሻ የምልከው ሰላምታ የለኝም፤ ሥራ አለብኝ። አምስት እሑድ ሙሉ እኔም እንደ እሱ አሥራ አንድ ላይ ቆሜያለሁ። ቅዳሜ በሩ ሲንኳኳ እሱ ያልጠራትን እኔ እጠራለታለሁ፤ አንቺም በዚያች ሰዓት ጉለሌ ሆነሽ ራስሽን በነጠላሽ ሸፍኚ።

የማይጨውን ጀግና ያጋለጠው ወንድምሽ፣
አባተ

ካምቤል፣ ካሊፎርኒያ
ኅዳር ሚካኤል፣ ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.