ያለ ደመወዝ ያጠጣሁት ስንዴ

ጥር ፳፫ ቀን። የሥራዬ ገንዘብ ተቋረጠ።

ወንድም ጋሼ፣ ከሰላምታ በፊት ወሬ ማስቀደሜን ይቅር በለኝ። ይህችን አንድ መስመር የጻፍኳት በዚያው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ እስከ ዛሬ ጠዋት አንድ ቃል መጨመር አቅቶኝ ሰነበትኩ። አሁን እንደ ደንቡ ልጀምር። ለመሆኑ እንዴት ከረምክ? ወገብህስ? ባለፈው በስልክ ጎንበስ ብለህ መነሣት እንደሚያስቸግርህ ነግረኸኝ ነበር፤ ታሽተህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደህና ነኝ እያልክ ጆንያ ትሸከማለህ? የእማዬ ዓይን እንዴት ነው? ከብቱ፣ ማሳው፣ ጎረቤቱስ? እኛ በጤና በኩል ምንም አልሆንንም። የምጽፍልህ ከጤና ሌላ ያለውን ነው።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ስቀህበታልም። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ጀርባ ባለ የመስታወት ቤት ውስጥ የስንዴ ዋግ፣ ያንን ቀይ የሰብል በሽታ፣ አሳድጋለሁ። መጀመሪያ የነገርኩህ ቀን «አባባ ዕድሜአቸውን ሙሉ ሲረግሙት የኖሩትን ነገር አንቺ ሰው አገር ሄደሽ ጡት ታጠቢዋለሽ?» ብለኸኝ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ስቀን ነበር። እውነትህን ነው፣ ማጥባት ነው የሚመስለው። ዋግ የሚኖረው ሕይወት ባለው ቡቃያ ላይ ብቻ ነው። ቡቃያው ሳይደርቅ ቀዩን ዱቄት አራግፎ ወደ አዲስ ቡቃያ ማሻገር ያስፈልጋል። በማቀዝቀዣ የሚቆይ ዓይነትም አለ፤ የኛው ግን ደጋግመን ብንሞክረው እምቢ ብሏል። ስለዚህ ዓመታት ሙሉ ከትሪ ትሪ እየተሻገረ ነው የኖረው። የትኛው የስንዴ ዘር እንደሚችለው፣ የትኛው እንደሚወድቅ የምንለየው በሱ ነው። አንድ ጊዜ ካልተሻገረ አለቀ፣ ከየትም አይመጣም።

ያን ዕለት ትሪዎቹን ወደ ብርሃን ሳዞር ስልኬ ጮኸ። ኢሜይሉ አጭር ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው ድርጅት መክፈሉን አቁሟል፤ በዚህ ገንዘብ የተቀጠሩ ሠራተኞች ውል በዛሬው ቀን ያበቃል፤ ስለ አገልግሎታችሁ እናመሰግናለን። «በዛሬው ቀን» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። የወንዙ ዳር ማሳ ትዝ ይልሃል? ማታ አረንጓዴ ሆኖ አመሸ፤ ጠዋት አባባ ገብተው ሲወጡ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው በዋግ ቀልቶ ነበር። ሱሪያቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት። እኔም ስልኩን ብቻ አይ ነበር።

አለቃችን ሽማግሌው ፕሮፌሰር ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ እሳቸውን ነገሩ አልነካቸውም። እያነከሱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ጉልበታቸው ታሞ ከርሟል፣ ትሪ ማንሣት አይችሉም። ከሌላ ቦታ ገንዘብ ጠይቀዋል፤ ምናልባት ከጥቂት ወራት በኋላ ይመጣል። ዋጉ እስከዚያ በሕይወት ከቆየ መጀመሪያ የምቀጠረው እኔ ነኝ፤ ከሞተ ግን ገንዘብ የሚጠይቁበት ነገር አይኖራቸውም። ይህን ሁሉ ካስረዱኝ በኋላ እስከዚያው እየመጣሁ ላግዛቸው እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እሺ አልኳቸው። ላም አለኝ በሰማይ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ሰው ያበቀለውን እንዴት ጥሎ ይሄዳል? ደግሞስ የታመመ ጎረቤት አዝመራ ሲያጭዱ ማን ደመወዝ ይጠይቃል?

ስለዚህ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ ሄድኩ። የልጄ አባት እንኳ ነግሮኝ ነበር። ሰውየው ሌሊቱን ዳቦ ቤት ሠርቶ ነው የሚመጣው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ነው፤ በሩ ላይ ስንተላለፍ «በሬም ሲያርስ ውሎ ገለባ ይበላል፤ አንቺ ምን ትበያለሽ?» ይለኝ ነበር። እኔም ይህ የምርምር ሥራ ነው፣ የዳቦ ቤት ሰው አይገባውም ብዬ እመልስለታለሁ። ይስቃል። ከፊታችን ያለውን አላየነውማ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የውጭ አገር ሠራተኞችን ጉዳይ የምትይዘው ሴትዮ ጠራችኝ። ቢሮዋ ጠባብ ነው። መስኮቷ ላይ ቅጠሏ የገረጣ አበባ አለች፤ ውኃ አብዝታባት ነው። ተቀመጪ አለችኝና ነገሩን ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ ነገረችኝ። እዚህ አገር የምኖረው በራሴ ስም አይደለም፣ በሥራው ስም ነው። ሥራው ሲቆም ቪዛውም አብሮ ይቆማል። የባሌና የልጄ ፈቃድ የተንጠለጠለው በኔ ላይ ነው፤ እሱ ራሱ በቀሚስሽ ጫፍ ተንጠልጥዬ ገባሁ እያለ ይቀልድ ነበር። የተሰጠን ጊዜ ሁለት ወር ነው። በዚያ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ አግኝቼ እሱ ካላመለከተልኝ ሦስታችንም እንወጣለን። እኔ ሁለቱ ወር የሚቆጠረው ሥራ ቦታ መሄድ ካቆምኩበት ቀን መስሎኝ ነበር። ኢሜይሉ ከመጣበት ቀን ነው አለችኝ። ለካ እኔ ስንዴ ሳጠጣ ጊዜው እየሄደ ነበር።

ከዚያ ብዕሯን አንሥታ «ውልሽ ካበቃ ወዲህ ሥራ አልሠራሽም፣ አይደል?» አለችኝ።

እኔ ሞኟ የምመሰገን መስሎኝ «አንድም ቀን አልቀረሁም፤ ደመወዝ ግን አልጠየቅኩም» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። ተነሥታ በሩን ዘጋችው። ያለ ደመወዝም ቢሆን ሥራ ሥራ ነው አለችኝ፤ ሌላ ሰው ደመወዝ ተከፍሎት ሊሠራው የሚችለውን ነገር በነፃም ቢሆን ያለ ፈቃድ መሥራት ሕግ መጣስ ነው። ይህ ከተመዘገበብኝ ሁለቱ ወር ይሰረዛል፤ ቀጣሪ ባገኝ እንኳ ማመልከቻው ይወድቃል፤ ከኔ ጋር ባሌና ልጄም ይወድቃሉ። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። መጨረሻ ላይ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ። «እኔ አልጠየቅኩሽም፤ አንቺም አልመለስሽልኝም። ነገ ጠዋት ቁልፉን አስረክቢ። ከዚያ በኋላ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ እንዳታፈሺበት።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጋሼ፣ ስሰርቅ ተይዤ ቢሆን ይህን ያህል አልደነግጥም ነበር። ሌባ ቢያንስ የሠራውን ያውቃል።

ልጄ ዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ናት፤ ፈተናዋ ሰኔ ላይ ነው። እራት ላይ ነገርናት። ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ «ፈተናዬስ?» አለች። ከዚያ መብላቷን ቀጠለች። ከመጋቢት በኋላ የት እንደምንሆን አላውቅም። በየቦታው ደውያለሁ። አንደኛው እኛም ተቋርጦብናል አለኝ። ሌላኛው ሰው እንፈልጋለን፣ ቪዛ የምናመለክትለት ሰው ግን አንቀጥርም አለ። አንድ የዘር ጣቢያ ሰኞ መጥተሽ አነጋግሪን ብሎኛል። ያለኝ ተስፋ እሱ ነው፤ እሱም የሚሆነው ስሜ ንጹሕ ከሆነ ነው።

ይህን ለእማዬ ስታነብላት ከሰላምታው ቀጥለህ በቀጥታ ወደዚህ ዝለል። ሥራ በዝቶባታል በላት፤ ሥራ አጣች ካልካት ጾም ትጀምራለች። እማዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ፤ የዓይን ጠብታሽን ለጎረቤት እንዳታካፍዪ። ለሚስትህ፣ ለእህቴ፣ የላከችው ሹራብ ለልጄ ልክ ሆኗል በልልኝ፤ እጅጌው ብቻ አጥሯል፣ እሱም ልጅቷ ስለረዘመች ነው። ትልቁ ልጅህ ሚስት ሊያገባ ነው የሚባለው እውነት ከሆነ ልጅቷን ሳላያት የድግሱን ቀን እንዳይቆርጥ። ትንሹን ሳምልኝ፤ ዋግ የምታሳድገው አክስትህ ሰላም ብላሃለች በለው። ለመንደሩ ሰው ሁሉ እንደየዕድሜው ሰላምታዬን አድርስልኝ። የልጄ አባትና ልጄ እጅ ነሥተዋል።

አሁን ቁልፉን ላስረክብ ልሄድ ነው። ሲያልቅ እጨምርልሃለሁ።

ጋሼ፣ ይህን የምጽፍልህ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው፣ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ። ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው አልነበሩም። በመስታወት ቤቱ በኩል ልፈልጋቸው ገባሁ። ከትናንት ጀምሮ ያጠጣው የለም። የቡቃያው ጫፍ መታጠፍ ጀምሯል፤ አዲሱ ቡቃያ ደግሞ ጎኑ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ማሻገሪያው ቀን ዛሬ ነበር። አላሰብኩም። የውኃ ማጠጫውን ጎማ አንሥቼ የመጀመሪያውን ረድፍ አጠጣሁ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። አፈሩ ውኃውን ሲጠጣ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ። መሀል ላይ የልጄ ማንኪያ ታየኝ።

ጎማውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ዞር ስል ፕሮፌሰሩ፣ ትሪ ማንሣት የማይችሉት ሰው፣ አንዲት ትሪ በሁለት እጃቸው አቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«የቀሩት ረድፎችስ?» አሉኝ።

ቁልፉን ላስረክብ መምጣቴን ረሳሁት። በአጠገባቸው አልፌ፣ ቧንቧውን እንኳ ሳልዘጋ ወጣሁ።

እህትህ
ከአውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ፣ የካቲት ፲፮ ቀን።